ሦስተኛው ጥሪ

እናቴ ለመጀመሪያ ጥሪ አቤት አትልም ነበር። ለሁለተኛውም አትልም። በሯ ላይ ቆመህ ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ብትጣራ፣ ሦስተኛውን እስክትደግም ድረስ ድምጿን አትሰማም። እኔንና ታላቅ ወንድሜንም እንዲሁ አድርጋ ነው ያሳደገችን። "ሰው የፈለገ ሰው ሦስቴ ይጣራል" ትለን ነበር። "እነዚያ ግን ሦስት አይሞላላቸውም። ሦስት የሥላሴ ነዋ! አንዴ ይጣራሉ፤ ቢደፍሩ ሁለቴ። አቤት ካልሃቸው አለቀልህ።" እነዚያ እነማን ናቸው ብለን ስንጠይቃት ፊቷን ታዞርብናለች።

ቤታችን ጢስ ዓባይ ነው፣ ከፏፏቴው ብዙም አይርቅ። ውሃው በደህናው ጊዜ ሲወርድ የግድግዳው ጭቃ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እኛ ቤት ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ጨው አቀብለኝ ለማለትም እንጮሃለን። ተምሬ ባሕር ዳር የፊዚክስ መምህር ከሆንሁም በኋላ አመሌ አልለቀቀኝም። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ተቆጥተው ነው?" ይሉኛል። ግማሹን ጊዜ ተቆጥቼ ነው፤ አልዋሽም።

አባቴን ዓባይ ነው የወሰደው። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በክረምት፣ የጠፋ ጥጃ ፍለጋ ከፏፏቴው በታች ወረደ፤ በዚያው ቀረ። የአገሩ ሰው ሁሉ ወርዶ ፈለገው፤ ምንም አልተገኘም። ፍትሐቱ ያለ አስከሬን ተፈታ፤ እናቴም መቃብር የሌለው ሐዘን ይዛ ተቀመጠች። አባቴ በሕይወቱ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ከማሳው ሆኖ "አንች ሰው!" ይላታል። ትሰማዋለች፣ ግን ዝም። "አንች ሰው!" አሁንም ዝም። በሦስተኛው "አቤት!" ትለዋለች፣ እየሳቀች።

ወንድሜ አድጎ ከፏፏቴው አጠገብ ባለው ኃይል ማመንጫ ውስጥ ተቀጠረ። ውሃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር ፏፏቴው ይሳሳል፤ በበጋ ጨርሶ ዝም የሚልበት ቀን አለ። ያን ዝምታ እዚያ ላላደገ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። የገዛ ደምህ ጆሮህ ውስጥ ሲሄድ ይሰማሃል። ውሾቹ አይጮኹም። እናቴ የያዘችውን ሁሉ ትታ በር ላይ ትቆማለች፣ ጆሮዋን ወደ ገደሉ አዙራ። "ምን ትሰሚያለሽ?" ስላት "ዝም በል፣ እየቆጠርሁ ነው" ትለኛለች። ምን እንደምትቆጥር ስለማውቅ ደግሜ አልጠይቃትም፤ ፈርቼ ነው።

ባለፈው በጋ ትምህርት ቤታችን የክርክር ውድድር አዘጋጀ። ርእሱ "ገንዘባችን ወደ ጠፈር ይሂድ ወይስ ለምድራችን ይዋል?" የሚል ነበር፤ አሠልጣኙ እኔ። የጠፈር ወገን ነኝ፤ ሰማይ ሳይ ነው ያደግሁት። ስልኬን በማርስ ፎቶ ሞልቼ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። ለመለማመጃ ከወንድሜ የተሻለ ተከራካሪ የለም፤ አንዴ ከነከሰ አይለቅም።

"መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ብሎ ጀመረኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። "ዝናቡ ጊዜውን ስቶ፣ ሐይቁን እምቦጭ በልቶት፣ ወንዙ የከተማ ቆሻሻ ተሸክሞ፣ እናንተ ማርስ ማርስ!"

"እምቦጩ የት የት እንደደረሰ የሚያየው ማን ሆነና? ሳተላይት ነው።"

"እሺ፣ አይቶ ምን አደረገ? ነቀለው?"

"አንተስ ወንዙን ዝም ያሰኘኸው?"

"እና የመራዊ ከተማ ወፍጮ በምን ይዙር? በጸሎት? ይኸ ስልክህስ በምን ይሞላ መምህሬ?"

"ታዲያ የእናታችን አምፖል ምነው ጨለመ?" አልሁት። ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው!"

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠናለች። "እኔ የምለው፣ ሰማይ ላይ ምንድን ነው የምትፈልጉ?" አለች።

ደስ አለኝ፤ ወንድሜ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። የጠፈር ተመራማሪዎች ትልልቅ ጆሮ ሠርተው ወደ ሰማይ አዙረው እንደሚያዳምጡ ነገርኋት። ድምፅም እንደሚልኩ፣ ምናልባት ሌላ ፍጡር ካለ ሰምቶ አቤት ይላል ብለው።

እንዝርቷ ቆመ። "አቤት ያላቸው አለ?"

"እስካሁን የለም።"

"ስንት ጊዜ ተጣሩ?"

"እንጃ፣ ብዙ ጊዜ ነው።"

"እነዚያም እናት ይኖራቸው ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። "ላላወቃችሁት ጥሪ አቤት አትበሉ ብላ ያሳደገቻቸው።"

ወንድሜ በሳቅ ፈነዳ። "ተረታህ! በእናትህ ተረታህ!" እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወሬ ለመለወጥ ብዬ ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋት። አንዲት መንኮራኩር ማርስ ላይ ያነሳችው ፎቶ ነው፦ ደረቅ የወንዝ መውረጃ፣ ጥቁር አለት፣ በአለቱ መሃል ረጅም ስንጥቅ።

እናቴ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ቆየች። "ይኸማ ከኛ በታች ነው" አለች።

"ኧረ እማየ፣ ማርስ ነው!"

"ማርስ በል ሌላ በል፣ አገሬን አላጣውም። ይኸ የተሰነጠቀው አለት አባታችሁ እግሩን የሚታጠብበት ነው። ና እይ።"

ልስቅ አፌን ከፈትሁ፤ ሳቁ አልመጣልኝም። ፎቶውን ስንት ጊዜ ለተማሪ አሳይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን በዚያ ዓይን አላየሁትም። ያው የልጅነት አለታችን ነው። ስንጥቁ በዚያው በኩል፣ ጉብታው በዚያው በኩል። ወንድሜም ተቀብሎ ፎቶውን አጉልቶ አየው።

"ውሃው የት ሄደ?" አለች እናቴ።

"ደረቀ። ድሮ ነው፣ ሰው ሳይፈጠር።"

"ማን ወሰደው?"

"ማንም አልወሰደውም እማየ።"

"ለመብራት ነው?"

ወንድሜ ስልኩን መለሰልኝ። ክርክራችን በዚያው ቆመ፤ ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ስናወራ ዋልን።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ከቀትር በኋላ ውሃ ስለሚለቀቅ ማንም ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ለመንደሩ ተነግሯል፤ እናቴም ሰምታለች። ከቅዳሴ በኋላ ጠበቅናት፣ አልመጣችም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንዲት ጎረቤት "ቅድም ወደ ገደሉ ስትወርድ አየኋትሳ" አለችን። ወንድሜ ሰዓቱን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እየሮጥን ወረድን።

መውረጃው እንዲህ ደርቆ ሳለ ውስጡ ቆሜ አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ እኔ ግን ይበርደኛል። አለቱ ላይ ከሐይቁ ተንሳፍፎ የመጣ እምቦጭ ደርቆ ተለጥፏል። የላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የአንድ እግር ሸበጥ፤ እኛ ባሕር ዳር የጣልነው ሁሉ እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ወፍ የለም። "እማየ!" ብሎ ወንድሜ ተጣራ። ገደሉ "እማየ" ብሎ መለሰለት፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ትንሽ ወፈር አድርጎ።

"አንተ ነህ!" ብሎ ዞረብኝ። "በዚህ ሰይጣን ስልክህ!"

"እኔ? ወንዙን ያደረቀው ስልኬ ነው? ውሃው ቢኖር እዚህ ትወርድ ነበር?"

እዚያው ተያያዝን። ሁለት ጎልማሳ፣ እናታቸው የጠፋችባቸው፣ ኮሌታ ለኮሌታ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን አንቄ ልጥለው ነበር። ያኔ ነው ከታች በኩል ስሜ የተጠራው። አንድ ጊዜ። ድምፁ የሴት ይሁን የወንድ ልለየው አልቻልሁም፤ ብቻ የሚያውቀኝ ሰው ድምፅ ነው። ሳላስበው "አቤት!" አልሁ።

ወንድሜ እጁን ከኮሌታዬ አነሳ። "ምን ሆነህ ነው አቤት የምትል?"

"እማየ ጠራችኝ። አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ" አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል። "ግን የጠራችው የኔን ስም ነው።"

ተያየን። ከዚያ ድምፁ ወደመጣበት ሮጥን።

እናቴ በተሰነጠቀው አለት ላይ ተቀምጣለች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ስታየን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"እማየ፣ ለምን ጠራሽን?"

"እኔ? እኔ አልተጣራሁም። አፌን ይዤ ነው የተቀመጥሁ።" ዓይኗ ያበራል፣ ድንጋጤ የለባትም። "ሁለቴ ጠርቶኛል። 'አንች ሰው' ነው ያለኝ፣ ጥርት አድርጎ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።"

"ውሃ ሊለቀቅ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

"ይለቀቅ። ውሃው ሲመጣ ድምፁን ይሸፍንብኛል፤ ከዚያ በፊት ይጨርስልኝ። ከእነዚያ ወገን ከሆነ ሦስት አይሞላለትም፤ እሱ ከሆነ ግን ይጠራኛል።"

ለመንናት። እግሯ ሥር ወደቀን። ወንድሜ ሊሸከማት ሲሞክር ስንጥቁን በሁለት እጇ ይዛ "ንቅንቅ አልልም! በአባታችሁ አጥንት!" አለችን። አባታችን አጥንቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ነው። ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ትቻቸው ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ከአንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ጀርባ ተሸሸግሁ። ድምፄ በእርግጥ የአባቴ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይለኛል። ደረቴን ሞላሁና እሱ ከማሳው እንደሚጮኸው ጮህሁ፦

"አንች ሰው!"

"አቤት!"

ወዲያው ነው የመለሰችው፣ እየሳቀች፣ በልጅ ሚስት ድምፅ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ግንዱን ይዤ ቆምሁ። "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለች ዳገቱን ወጣች፤ ወንድሜ ክንዷን ሊይዝ ቢል አላስያዘችውም። ሾላው ሥር ስትደርስ እኔን አገኘችኝ። አየችኝ። ከጀርባዬ ፈለገች።

ያኔ ውሃው መጣ። መጀመሪያ መሬቱ ነው ያንቀጠቀጠን፣ ድምፁ ኋላ ደረሰ። የተሰነጠቀው አለት ዓይናችን እያየ ተዋጠ። ሦስታችንም ቆመን አየነው፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባን።

ክርክሩ በሳምንቱ ተካሄደ። አንዲት ተማሪዬ "ድምፃችንን ወደ ህዋ እንልካለን፤ አንድ ቀን አቤት የሚለን ይገኛል!" ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ንግግሩን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እጄ ግን አልነሳ አለኝ።

እናቴን ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ፣ ከኔ ቤት አመጣኋት። እንቢ አላለችም፤ እንቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወሰድኋት፣ አየር ይለውጣታል ብዬ። ነፋሱ እምቦጩን ወደ ዳር ገፍቶት ውሃው አይታይም፤ አረንጓዴ ሜዳ ነው። እምቦጩ ባለበት ማዕበሉ ድምፅ የለውም፤ ሜዳው ከሥሩ የሚተነፍስ ነገር እንዳለ ሁሉ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚያ ቆመን ነው የነገርኋት። ሦስተኛውን የተጣራሁ እኔ ነኝ፣ ካልሆነ ውሃው ይወስድሽ ነበር አልኋት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ አልኋት፣ እየጮህሁ፣ እንደ አመሌ።

"አውቃለሁ ልጄ" አለችኝ። "ሦስተኛው አንተ ነህ። ሁለቱንስ ማን ጠራኝ?"

ፊቴን ወደ እምቦጩ አዞርሁ።

"ሦስት አይዋሽም ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የምቆጥር" አለች። "ለካ ሦስትም ይዋሻል። ከእንግዲህ መቁጠሩ ምን ይሠራልኛል?"

አሁን እናቴ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ትላለች። ለጎረቤት ትላለች፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ፊሽካ ትላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚጣራ ሰው ሳይኖር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች ወንዙ ወዳለበት ትዞርና "አቤት!" ትላለች፣ እየሳቀች። "መጣሁ፣ መጣሁ።" ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን ትፈልጋለች።

ጫማዋን እኔ ደብቄዋለሁ።