ለአክስቴ የጠለፍኩት የትራስ ልብስ

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከሎስ አንጀለስ ተነስተን አዲስ አበባ እስክንደርስ አንድ የትራስ ልብስ ጠልፌአለሁ። መርፌ በደንብ የተወጠረ ጨርቅ ስትበሳ ጠቅ የምትል ድምፅ አለቻት። ያቺን ድምፅ ዛሬም የሆነ ቦታ ስሰማ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል።

እማዬ ፌርፋክስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ የሐበሾች ሰፈር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ትሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የሽንኩርት ቁሌቱ ሹራቤ ላይ ስለሚቀር በማግስቱ ክፍል ውስጥ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዙብኛል። በአማርኛ ሲያናግሩኝ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። እዚያ ሰፈር ልጅ ያስቸገራቸው እናቶች ሁሉ የሚሏት አንዲት ማስፈራሪያ ነበረች፤ «አገር ቤት ወስጄ ነው የምጥልህ!» እማዬም ትለኝ ነበር። እኛ ልጆቹ እርስ በርሳችን እየተባባልን እንስቅባት ነበር እንጂ ከምር የሚወስዳት አልነበረም።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እማዬ ለቫኬሽን እንደምንሄድ ነገረችኝ። አክስቴን አይተን፣ ትምህርት ሳይጀመር እንመለሳለን። ኤርፖርት ያደረሱን ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ ነበሩ፤ ታክሲ ነው የሚነዱት። ሻንጣዎቹን አውርደው ሲያበቁ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝና፣ «በል እንግዲህ፣ ጎበዝ ሁን። እናትህን እንዳታሳዝናት» አሉኝ። ለእረፍት ለሚሄድ ልጅ ምክሩ ትንሽ የከበደ መስሎኝ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቴ ያለው ስክሪን አልሠራ አለ። መቁነጥነጤን ስታይ እማዬ በእንጨት ቀለበት የተወጠረ ነጭ የትራስ ልብስ ከቦርሳዋ አወጣች። በእርሳስ አበባ ተስሎበታል፤ ከሥሩ እኔ የማላነባቸው የአማርኛ ፊደላት አሉ።

«ይሄ ለአክስትህ ነው። ሰርፕራይዝ እናደርጋታለን፣ ኦኬ? አንተ አበባውን፣ እኔ ጽሑፉን።»

መቀስ ስላልያዘች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ሰጠችኝ። ክሩ እንደማይቋጠር፣ ጫፉ ከጀርባ በኩል ስፌቱ ሥር እንደሚደበቅ፣ ከልክ በላይ ከተሳበ ጨርቁ እንደሚኮማተር አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ያኔም ቢሆን የተንሻፈፈ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር፤ አንዷን ቀይ ቅጠል ደጋግሜ ፈትቼ ሠራኋት። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ወንድ ልጅ ሲጠልፍ አየሁ ብል ማን ያምነኛል?» ብለው ሳቁ። እማዬ፣ «እጁ ከኔ ይሻላል፣ እትዬ» አለቻቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ጨርቁ የእማዬን የእጅ ቅባት ይሸት ነበር። ክርኖቻችን እየተነካኩ፣ እሷ ከታች እኔ ከላይ፣ ከማረፋችን በፊት ጨረስነው።

አዲስ አበባ ቤቷ ስንደርስ አክስቴ ስጦታውን ዘርግታ፣ ጀርባውን ሳይቀር ገልብጣ አየችውና ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት ስገባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ትራሱን ታለብሰው ነበር።

«ላንተ ነው» አልኳት። የሴትና የወንድ አጠራር ገና አልለየሁም ነበር።

ከት ብላ ሳቀች። «እኔማ ትራስ ሞልቶኛል። ይሄ ያንተ አልጋ ነው፣ የኔ ጌታ። የራሱን ትራስ ራሱ ጠልፎ መጣ!» አለችና ወደ እማዬ ዞራ፣ «እንዴት ያለ ልጅ ነው? እኔ እኮ እያለቀሰ ይመጣል ብዬ ነበር» አለቻት።

እማዬን ቀና ብዬ አየኋት። በእንግሊዝኛ፣ አክስትህ ስትቀልድ ነው፣ አለችኝ። አመንኳት።

ብዙም ሳንቆይ አንድ ጠዋት ስነሳ የእማዬ ሻንጣ ቦታው የለም። አክስቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ተኝተህ ሳመችህ። መቀስቀስ ከብዷት ነው» አለችኝ። ትራሱን አንስቼ ግቢው ጭቃ ላይ ወረወርኩት። አክስቴ ልብሱን አጥባ፣ ሲደርቅ መለሰችልኝ። ለዓመታት የተጠለፈውን ወደ ታች እየገለበጥኩ ተኛሁበት። ፊደል ስለይ መጀመሪያ ያነበብኩት የእማዬን ጽሑፍ ነበር። «መልካም እንቅልፍ» ይላል። ጋሼ ታደለም እዚያ እንደምቀር ያውቁ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን አድጌ፣ ተመልሼ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካልቨር ሲቲ ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። ይህን የምጽፍበት አማርኛ አብዛኛው ብቻዬን፣ አክስቴ ጋ ከነበሩ አሮጌ መጻሕፍት የለቀምኩት ነው፤ እማዬ የፈለገችውም አማርኛ እንድችል ነበር። አንድ ቀን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«ብነግርህ አውሮፕላኑ ላይ ትወጣ ነበር?»

አልወጣም ነበር፤ እውነቷን ነው። ጥላኝ መሄዷንም ከጊዜ ጋር ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ከእሷ ጋር ካሳለፍኩት የልጅነት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ በረራ ደስ ያለኝ የለም። እኔ አበባዬን ስጠልፍ፣ እሷ ጎኔ ሆና ሁሉንም ታውቅ ነበር።

በቅርቡ አክስቴን ልናይ አብረን ተነሳን። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆመን እማዬ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ፓስፖርትህን አምጣ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ላስቀምጥልህ።»

«እኔ ጋ ይሁን» አልኳት።

እጇን መለሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና የራሷን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው ይሄንንም አንተ ያዘው» አለችኝ።