ፊት ያቀላሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ግርማ ካሜራ አላስነኩኝም። ካዛንቺስ የነበረው ፎቶ ቤታቸው ጓዳ ወስደው ከማተሚያው ማሽን ፊት አስቀመጡኝና ሁለት ቁልፎች አሳዩኝ። "ይቺ የመደመር ምልክት ያለባት ታጨልማለች፣ ይቺ የመቀነስ ደግሞ ታበራለች። የሰው ፊት ሲመጣልሽ መቀነሷን ሦስት ጊዜ ትጫኚያለሽ" አሉኝ። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አራት ካደረግሽው የነጠላው ጥለት ይጠፋል፣ ሁለት ካደረግሽው ደንበኛው ይጠፋል" አሉ።

ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ወረቀት መሙላት፣ ኬሚካል መቀየር፣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አስተካክሎ ማተም ነው። እኔ የወደድኩት ግን፣ ምን እደብቃለሁ፣ ወሬ ስለምወድ ነው። የቂርቆስን ሠርግ፣ የቄራን ክርስትና ሳልጠራ እታደማለሁ። ማን ከማን ጎን እንደቆመ፣ የትኛዋ ሚዜ እንዳኮረፈች ከባለቤቶቹ ቀድሜ አውቅ ነበር።

ደንበኞቻችን ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው። "እህቴ፣ እስቲ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ።" ጥቁሩ ጠይም፣ ጠይሙ የቀይ ዳማ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ሄዶ ኮምፒውተርና ትልቁ ፕሪንተር ሲመጡም መቀነሷን ሦስት ጊዜ መጫን አልቀረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጣቴ ሳላዘው ይጫን ነበር።

ማርሲያ የመጣችው ካዛንቺስ መፍረስ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ብራዚላዊት ፎቶ አንሺ ናት። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቤት ተከራይታ ሁለት ዓመት ስለኖረች አማርኛዋ የታክሲ ረዳት አማርኛ ሆኗል። ጋሽ ግርማ የጅማ ልጅ መስላቸው አባቷን ሊጠይቋት ምንም አልቀራቸውም።

"ጋሽዬ፣ አርባ ፎቶ አለኝ፣ በቃ ትልቅ ትልቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ" አለች። ከአፍሪካ ርቀው በየአገሩ የሚኖሩ ጥቁሮችን ስታነሳ ዓመታት አሳልፋለች። ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ እዚያው ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ይከፈታል። እዚህ የማይገኝ፣ የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀትም ከውጭ ይዛ መጥታለች። ሰማንያ ቅጠል ነበር።

ፎቶዎቹን ስክሪኑ ላይ ከፈትኳቸው፤ እኔ እንደዚያ ዓይነት ሠርግ ተጠርቼ አላውቅም። የኮሎምቢያ ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናሉ። ካናዳ ውስጥ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮዎች በረዶ እየረገጡ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ኢራቅ ውስጥ ሽማግሌዎች ከበሮ ይመታሉ። አንዷ ደግሞ ሳሪ ለብሳ በሯ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ሕንድ አገር ጥቁር አለ እንዴ?" አልኳት።

"አለ። ድሮ በመርከብ ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ከናንተ አገርም የሄዱ አሉ ይባላል።"

ሽንኩርት የምትልጠዋ ሴት ግንባሯ፣ አገጯ፣ የከንፈሯ አገጣጠም ቁርጥ እናቴን ነው። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ስሟ ማን ነው፣ ስንት ወለደች፣ ባሏ ምን ይሠራል እያልኩ ማርሲያን መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። "ሰኒ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች።

በሁለት ቀን አተምኳቸው። ረቡዕ ጠዋት መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ስልኳን አውጥታ ዋናውን ከኅትመቱ ጎን አስቀመጠች።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ያንቺ ሰዎች ናቸዋ" አልኩ።

"አይደሉም። እነዚህን እኔ አላነሳሁም።"

መጀመሪያ ያቀላቸው ወረቀቱ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ሠላሳ ዘጠኙ ላይ መቀነስ ሦስት ይላል። ሕንዳዊቷ ላይ አምስት።

"ይቺን ለምን ከሁሉም በላይ?" አለችኝ።

"ስለወደድኳት" አልኩ። እውነቴን ነበር።

ማርሲያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እነዚህ ሰዎች፣ ማለቴ፣ ፎቶ ቤት በሄዱ ቁጥር እንዲህ አቅልተው ነው የሚሰጧቸው። እንዳላችሁ ነው የማሳያችሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ይሄን ከምሰቅል ባዶ ግድግዳ ይሻለኛል" አለች። የቀረው ወረቀት አርባ ቅጠል ብቻ ነው፤ አንድ እንኳ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። ጋሽ ግርማ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው "ማሽኑ ነው በያት" አሉኝ። "ጣቴ ነው" አልኳት። አፍሬ ነበር።

የተበላሹትን ኅትመቶች ነጭ ጠርዝ እየቆረጥኩ ቁራጩ ላይ መሞከሪያ አተምኩ። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በግራዬ ሠራሁ። የጥቁር ፊት ብርሃን ግንባሩ፣ ጉንጩና አፍንጫው ላይ ነው ያለው። ሁሉን አንድ ላይ ስታበሩት ሦስቱም ይዋጡና ፊቱ እንደተላጠ ድንች ልሙጥ ይሆናል። ሳልነካው ስተወው የዓሣ አጥማጁ ላብ ታየ፤ የሴትዮዎቹ ነጭ አንገትጌ ስፌቱ ሳይቀር ወጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ሳትም ኖሬ አላየሁትም ነበር።

ቅዳሜ አርባዎቹም ተሰቀሉ። ማርሲያ አቅፋኝ አንዲት ትንሽ ኅትመት ሰጠችኝ፤ ሽንኩርት የምትልጠዋን ሴት።

ቤት ወስጄ ከእናቴ ፎቶ ጎን ያዝኳት። የእናቴን ለልቅሶዋ ድንኳን አሳድጌ ያተምኩት እኔ ነኝ። ሕንዳዊቷ ከእናቴ ፎቶ ይልቅ እናቴን ትመስል ነበር።

ታላቅ እህቴን ጠራኋት። "እትዬ ዘነበች፣ እማዬ እንዲህ ቀይ ነበረች?"

"ኧረ ምን ቀይ! አንቺ አይደለሽ ያቀላሻት? ለቀስተኛው 'ይቺ ደግሞ ማን ናት' ይል ነበርኮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዲያ እያለቀስሽ አሳምረሽ ሠርተሽ ስታመጪ ምን ልበልሽ?"

ሰኞ የእናቴን ዋና ፎቶ ፍለጋ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ካቀላሁ በኋላ በዋናው ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ዋናው ጠፍቷል፤ ሁልጊዜም የማደርገው እንደዚያ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋን ፈለግኩ፤ እሱም ላይ ያለው እኔው ያተምኩት ነው። ያለውን ላጨልመው ሞከርኩ። አመድ መሰለች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፎቶ ቤቱ ፈርሷል፣ እኔም ሥራ አቁሜያለሁ። ለአዲስ የፎቶ ቤት ሠራተኞች የምለው ይሄ ነው። ደንበኛው አቅሉኝ ካለ አቅሉት፣ ፊቱ የራሱ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ግን ዋናውን ለብቻ አስቀምጡ። እኔ የእናቴን አላስቀመጥኩም።