ከባድ ጨዋታ፣ ከባድ ቢራ

የእህቴ ባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በሙያው ማንም አይጠራጠረውም፤ ግድግዳ ውስጥ የፈነዳ መስመር በጆሮው ፈልጎ ያገኛል ይባልለታል። የኛ መከራ የሚጀምረው ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ቤቱ ሲገባ ነው። ቤቱ ሲገባ ጠማቂ ይሆናል።

ነገሩ የመጣው ብቸኛ ልጃቸው ተድራ ሩቅ አገር ከሄደች በኋላ ነው። ክፍሏ ባዶ ሆኖ ማየቱን አልቻለውም መሰለኝ፣ አልጋዋን አውጥቶ በርሜል አስገባበት። ብቅል ገዛ፣ እርሾ ገዛ፣ ከሥራ የተረፈውን ቱቦ ሁሉ ሰብስቦ በርሜሎቹን እርስ በርስ አያያዛቸው። እህቴ አንድ ቀን በሩን ብትከፍት ፋብሪካ የተከፈተባት መስሏት ክው አለች። እሱ ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልቶ አቀረበላት። ቀመሰች፣ ፊቱን አየች፣ ምራቋን ዋጠችና "ልዩ ነው" አለችው።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እህቴ "ልዩ ነው" ስትል እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም ማለቷ ነበር። እሱ ግን ምርጥ ነው የተባለ መሰለው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ቢራ የቀመሰ ሁሉ "ልዩ ነው" ይላል። ይሉኝታ አፉን ለያዘው ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

ልዩ ቢራ ደግሞ ጠጪ ይፈልጋል፣ ጠጪ ያለው ኳስ ባለበት ነው። ስለዚህ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ሦስታችንን መጥራት ጀመረ፤ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካይ፣ ከታች ፎቅ የሚኖረውን የሒሳብ መምህርና እኔን። የሚጠምቀው ሦስት ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ ቀይና ፈዛዛ። ለየትኛው ጨዋታ የትኛው እንደሚቀርብ መምረጥ ለሱ ቀልድ አይደለም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በሩ ላይ ይቆምና "የዛሬው ጨዋታ ከባድ ነው ቀላል?" ይለናል። ከባድ ነው ካልነው ጥቁሩን ይቀዳል፣ ቀላል ነው ካልነው ፈዛዛውን። እንጃ ያልን ቀን ቀዩ ይመጣል።

መምህሩ መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ተደንቆ ነበር። ጨዋታን መዝኖ መጠጥ የሚመድብለት ሰው የኳስ ሊቅ መሆን አለበት አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ጥቁሩን ከቀመስን በኋላ ግን የዓለም ጨዋታ ሁሉ ቀለለን። ሁለት ደመኛ ቡድኖች ለዋንጫ ሊፋጁ ተሰልፈው እንኳ "ቀላል ነው ጋሼ፣ በጣም ቀላል" እለዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩማ ጥቁሩን "ተከላካይ" ብሎ ስም አወጣለት፣ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ምንም አያሳልፍም ለማለት ነው። የእህቴ ባል ስሙን ወደደው፣ ለሚያውቀው ሁሉ አወራው።

ጨዋታው ሲካሄድ አይቀመጥም። የቢራውን ማሰሮ ታቅፎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና አፋችንን ያያል። ጎል ገብቶ እኛ ስንዘል እሱ የሚያየው ብርጭቋችን ምን ያህል እንደጎደለ ነው። እህቴ እንደነገረችኝ አንድ ምኞት ነበረው። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቀዳ አንድ ሰው ድገመኝ ብሎኝ አያውቅም። ለዋንጫው ጨዋታ ትክክለኛውን ከመረጥኩ ግን ይሉኛል" ብሏት ነበር። ይህን ስትነግረኝ ተናደድኩ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ብርጭቋችን የሚጎድልበትን መንገድ ልንገራችሁ። እረፍት ሲሆን አንዳችን ብርጭቋችንን እንደያዝን ወደ መታጠቢያ ቤት እንሄዳለን፣ ባዶውን ይዘን እንመለሳለን፣ ከዚያ ሌላው ይነሳል። እሱ ይህን አይቶ ስለ ጤናችን ይጨነቅ ነበር። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚያመላልስ ኩላሊት ደግ አይደለም፣ አሳዩት እያለ ሐኪም ሁሉ ጠቁሞናል።

የዋንጫው ጨዋታ ከመድረሱ አስቀድሞ ሊያስመርጠን ጠራንና ሦስቱንም ደረደረልን። ፀጉር አስተካካዩ ፈዛዛውን ቀምሶ ልዩ ነው አለ። መምህሩ ቀዩን ቀምሶ ይሄም ልዩ ነው አለ። እኔም ጥቁሩን ከከንፈሬ አስነክቼ በራሱ መንገድ ልዩ ነው አልኩ። ሦስቱም እንዴት እኩል ልዩ ይሆናሉ ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ በሒሳብ ይቻላል ብሎ መለሰለት። ሰውየው ጭንቅላቱን ይዞ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ የደረሰበት መፍትሔ የኛ ሥራ ነው፣ ሌላ ማንንም አልወቅስም፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ቀላቀላቸው።

የዋንጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። የቀረበልን ነገር ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቧንቧ መጀመሪያ የሚያወጣውን ውኃ ይመስላል፣ አረፋው ላይ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ይንሳፈፋል። የመጀመሪያው አጋማሽ በጭንቅ አለፈ። ፊሽካው ሲነፋ ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ ተነሳ። ሄዶ በሲንኩ ደፋው፣ ምልክቱን ሊያጥብ ውኃ ለቀቀበት። አይወርድም። ቧንቧውን ዘግቶ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ወጥቶ ቁጭ አለ። መምህሩ ተከተለ። ሲንኩ አፉ ድረስ ሞልቶ አገኘው፤ ግን ሙሉ ብርጭቆ ይዞ እንዴት ይመለስ? እሱም ጨመረበት። እኔ ተራዬ ደርሶ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ጉድ ፈላ፤ አረፋው በበሩ ሥር እየወጣ ነበር።

የእህቴ ባል ማሰሮውን አስቀምጦ መፍቻና ባልዲ ይዞ ሮጠ። ደስ ያለውም ይመስላል፣ የሚያውቀው ሥራ ነው። ተንበርክኮ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ፣ ሲፎኑን ፈታው። ዱብ አለ አተላው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እርሾ እርሾ የሚል። እጁን ከትቶ አሸው፣ አሸተተው።

"ይሄ የአንድ ቀን አይደለም" አለ። መስመር የሚዘጉ ደንበኞቹን የሚገሥጽባት ቃል ናት። ከዚያ ቀና ብሎ አየን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በር ላይ አንገታችንን ደፍተን ቆመናል፤ የኔ ብርጭቆ እንደሞላ እጄ ላይ ነው።

"ለካ ኩላሊታችሁ ደህና ነው" አለ።

ሳሎን ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ከኛ ግን የተንቀሳቀሰ የለም። እጁን በሱሪው ጠረገና ቤታችሁ ቴሌቪዥን የላችሁም ወይ ብሎ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ "አለን፣ እንዲያውም ካንተ ይበልጣል" አለ፣ ወዲያው ግን አፉን ያዘ።

"ታዲያ ይሄን ለመድፋት ነው ደረጃ የምትወጡት?"

"እንዳይከፋህ ብለን ነው" አለ መምህሩ።

የእህቴ ባል ባልዲው ውስጥ ያለውን አተላ አየ። "እኔ እኮ የምጠምቀው እንድትመጡ ነው" አለ። "ድገመኝ ያለ ሰው በሚቀጥለውም ይመጣል ብዬ ነው እንጂ፣ እኔ ራሴ ቢራ ብዙም አልወድም።"

አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እህቴ ከኋላችን መጥታ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና "በቃ፣ ና ተቀመጥ" አለችው። ክንዱን ይዛ አምጥታ ሶፋው ላይ ከመሃላችን አስቀመጠችው፤ እዚያ ቦታ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። እጁን የት እንደሚያደርግ ጨንቆት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ጨዋታውን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ሌሎቹ እንዳይሰሙ አድርጎ "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አለኝ።

ለካ ሰውየው ስለ ኳስ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። "ቀያዮቹ ናቸው ጋሼ" አልኩት። ተደሰተ። ከዚያ በኋላ ቀያዮቹ ኳስ በነኩ ቁጥር አንገቱን ይነቀንቅ ጀመር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የኛ ተከላካይ ኳሷን በራሱ መረብ ውስጥ ከተታት፣ ዋንጫውም ሄደ። የእህቴ ባል ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ማን ይንገረው? እኛም ተነስተን አብረን አጨበጨብን።