«እናጣራለን» ያልሁበት ጠዋት

በዚያ ጠዋት እማማ ይታይሽ ደጃፍ ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። እማማ ይታይሽ ራሳቸው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅሙ ነበር። ልጃቸው ባንችአምላክ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ጎረቤታቸው አቶ ስሜነህ፣ መንገድ እንዲመሩን ቀበሌው የሰጠን ሽማግሌ፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ ሰብለ ታብሌቱን ከፍታለች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ተቆጣጣሪዋ ሆኜ አብሬያት የሄድሁ።

ከአምስታችን እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። ለእናቴ አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴም ትንንሹን እየነገርሁ ትልቁን ይዤ ተመልሻለሁ፤ አንዴ ብቻም አይደለም። እንግዲህ የማላውቅህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ስማኝ። እንድትፈታኝ አይደለም፤ እንድትሰማኝ ብቻ ነው።

ሥራችን የቤተሰብ ኑሮ መረጃ ማደስ ነው። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ቤት በየጥቂት ዓመቱ ይጎበኛል። ማን አለ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተገዛ፣ ምን ተሸጠ፣ ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ፣ ይጠየቃል። ከዚያ የእኛ መረጃ ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር በአንድ መልክ ይገጣጠማል፤ ተመራማሪዎችም የአንዱን አገር ቤት ከሌላው አገር ቤት ጋር ያስተያዩበታል። ሥራውን እወደው ነበር። ኮሌጅ አልገባሁም። ኮምፒውተር የተማርሁት ደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የማላውቀውን እየነካካሁ ነው። ዲግሪ ካላቸው ልጆች ጋር እኩል ያስቆመኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔ ቅጽ ክፍት ቦታ የለውም። «እንደ እሱ ሙሉ» ይባል ነበር ቢሮ ውስጥ። ይህን ስም እወደው ነበር። ለምን እንደምወደው ግን አላውቅም ነበር።

እማማ ይታይሽ ቤት መጀመሪያ የሄድሁት ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ዙር ነው፤ ያኔ ጠያቂው እኔ ነበርሁ። ጥቅምት ነበር። ከአምበር ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። መንገዱን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልሄደው እችላለሁ፤ ጤፉ ገና ወደ ቢጫ እያለ፣ ጭቃው ደርቆ የከብት ኮቴ እንደታተመበት፣ አንድ ገበሬ ከማሳው ጠርቶኝ እሸት ባቄላ እቅፍ ሙሉ ሲሰጠኝ። ባቄላውን እየፈለፈልሁ ስደርስ እማማ ይታይሽ ከሩቅ አይተውኝ፣ «እየበላህ የምትመጣው የእኛን ላለመብላት ነው?» አሉኝ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ዶሮ ስንት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«አንድ አውራ፣ ሦስት ሴት። አውራውን ለብቻው ጻፈው፤ እሱ ሥራ የለውም።»

ውሻውን ለምን አልጻፍህም ብለው ተቆጡኝ፤ ከቤቱ ሁሉ የሚደክመው እሱ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ታብሌቱ ጎንበስ ብለው፣ «በሌላም አገር እንዲህ ነው የሚጠየቅ?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ በብዙ አገር።»

«እና እኔ ከፈረንጅ ሴትዮ ጋር በአንድ መዝገብ ልጻፍ?»

«ጎን ለጎን።»

«እንግዲያውስ ቆይ፣ ነጠላዬን ልቀይር!»

ባንችአምላክ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። ከብዙ ቤቶች ወጥቻለሁ፤ በልቤ ይዤው የወጣሁት ሳቅ ግን የዚያ ቤት ነው። ይህን የምነግርህ እንድትራራልኝ አይደለም። የበደልሁት የማላውቀውን ሰው እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ሳነብ «ይበልጣል» ስል ሳቁ ቆመ። ይበልጣል የበኩር ልጃቸው ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ሁለት አዝመራ አልፎታል። ወሬ የለም። ጋቢው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ እማማ ይታይሽ መስከረም በመጣ ቁጥር ወንዝ ወስደው ያጥቡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ያን ቀን ጋቢው ነጭ ነበር።

«ይመጣል» አሉኝ። «አለ ብለህ ጻፈው።»

በደንቡ ወጥቶ ይህን ያህል የቆየ ሰው አለ ተብሎ አይጻፍም። ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር። «እጽፈዋለሁ እማማ» አልሁ። መረቁኝ።

ከሰዓት በኋላ አምበር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቅጹን ልዘጋ ሞከርሁ። ከይበልጣል ስም ፊት ሦስት ምርጫ ነበር፤ አለ፣ ወጥቷል፣ ሞቷል። «ወጥቷል» ሲነካ ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ የት እንዳለ፣ ስልኩን፣ የሚያውቁትን ሦስት ሰዎች ይጠይቃል። ያ ገጽ ካልተሞላ የቤቱ ቁጥር በቀይ ይቀራል። ሊሞላ የሚችለው ተመልሼ ሄጄ፣ አብረውት የወረዱትን አፈላልጌ ነው። በማግሥቱ ፋይሉን ማስረከብ ነበረብኝ። ከሁሉም ቤት ቀይ የቀረው ያ ብቻ ነበር። «ሞቷል» የሚለው ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ በምን እና መቼ።

ሞቷል አልሁ። በሕመም አልሁ። ወሩን ከራሴ አወጣሁ። ቀዩ ጠፋ። ሻዬን ጨርሼ ጠጣሁ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላጣደፈኝም። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ ብትለኝ፣ አንድም። ለራሴ ምን እንዳልሁ ልንገርህ? ከብዙ አገር ከተሰበሰበ ስም መካከል አንድ ስም ምን ይለውጣል አልሁ። ለተመራማሪው ምንም አይለውጥ ይሆናል። ግን የተመራማሪው ልጅ ነበር? በዚያው ዙር ሥራ ተመስግኜ ተቆጣጣሪ ሆንሁ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። አዲሱ ዙር ሲጀመር ያለፈው መዝገብ ታብሌቱ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ጠያቂው እያነበበ ያድሳል። ይህን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ሰብለን ያሠለጠንኋትም እኔ ነኝ። ሆኖም በዚያ መንገድ ስሄድ ትዝ ያለኝ ባቄላው ነበር። ሰብለ ስሞቹን በትሕትና ታነባለች። እማማ ይታይሽ ምስሩን እየለቀሙ ይመልሳሉ። ከዚያ፣

«ይበልጣል» አለች። «ባለፈው ዙር… ሞቷል ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክል ነው እማማ?»

የእማማ ይታይሽ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነው ያለ?»

«እዚህ ላይ ነው የተጻፈው» አለች ሰብለ፤ ድምጿ ወረደ።

አቶ ስሜነህ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አለቃዋ አንተ ነህ። የምታውቁት ነገር አለ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ውሸት ነው» ማለት። ከአፌ እስከ ጆሯቸው ምን ያህል ነው? አራት እርምጃ። ግን ሰብለ አለች፤ ሰብለ ለቢሮ ትናገራለች፤ ቢሮ ካወቀ ያ ክፍት ቦታ የሌለው ቅጽ፣ ያ አንድ ስሜ፣ ያበቃለታል። መሬት መሬት አየሁ።

«እናጣራለን» አልሁ።

በእኛ አገር ሞት በስሙ ተጠርቶ እንደማይመጣ ታውቃለህ። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። መርዶ የሚያረዳ ሰው በጠዋት ይመጣል፣ ብቻውን አይመጣም፣ ሽማግሌ ያስቀድማል፣ ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ ያድበሰብሳል። እኛም በጠዋት መጥተናል። ሽማግሌ አስቀድመናል። መሬት አይቻለሁ። «እናጣራለን» የሚለው ቃል በቢሮ ምንም ማለት አይደለም፤ በዚያ ደጃፍ ግን መርዶ ነበር። እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

«በቃኝ» አሉ እማማ ይታይሽ። «አጣሩ አትበሉኝ። ገብቶኛል።»

ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፤ አንድ ምስር አልፈሰሰም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የባንችአምላክ ጩኸት መንደሩን ሲጠራ፣ እኔ ታብሌቱን ከሰብለ እጅ ተቀብዬ ዘጋሁት። ይህንንም አድርጌያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድሁ። ድንኳኑ መሐል ጋቢው ተዘርግቶ ነበር፤ በላዩ ላይ ዱላው። አልቃሿ ቁመቱን፣ ጉልበቱን፣ የእርሻ ስልቱን እየጠራች ታስለቅሳለች። እኔም አለቀስሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ስወጣ እማማ ይታይሽ እጄን ያዙኝ።

«አንተ ባትመጣ ሳላለቅስለት እሞት ነበር» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ።»

ጋቢውን ለአንድ የአብነት ተማሪ ሰጡት።

ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን አረምሁ። «ወጥቷል» ብዬ፣ የመከታተያውን ገጽ «አይታወቅም» እያልሁ ሞልቼ፣ ማስታወሻ ጨመርሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ለተመራማሪዎች የሚላከው መረጃ ተስተካክሏል፤ ይበልጣል እዚያ በሕይወት አለ። እናቱ ቤት ግን ሞቷል። እርማቴ ያልደረሳቸው፣ መረጃው የራሳቸው የሆነው እናቱ ብቻ ናቸው።

ከወራት በኋላ ባንችአምላክን አምበር ገበያ አገኘኋት። «እማዬ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል» አለችኝ። «ድሮ ውሻው በጮኸ ቁጥር ትነሣ ነበር።» ይህን ቃል እንደ ምሕረት ይዤው ልኖር ሞከርሁ። ሐዘኑ አሳረፋቸው፣ ምን አጠፋሁ አልሁ። ግን ይበልጣል አንድ ቀን በዚያ መንገድ ቢመጣስ? ባይመጣስ? መጠበቁ የእሳቸው ነበር፤ ማቆሙም የእሳቸው መሆን ነበረበት። እኔ በአንድ ጣት ወሰድሁባቸው። የተኙትን ማስነሣት ሌላ በደል ይሆን? አላውቅም። የማውቀው፣ ዝም ብዬ የቆየሁት ለእሳቸው እንቅልፍ ብዬ እንዳልነበረ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሌላ ሰው ከመድረሱ በፊት በዚያ ጠዋት ለነበሩት ለሦስቱ ይደርሳል። ሰብለ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን የተውሽው ጥፋቱ የአንቺ መስሎሽ ነው፤ አይደለም። አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው። እኔ «እናጣራለን» ከማለቴ በፊት ያየሽብኝ ነገር ካለ ጨምሪበት። አቶ ስሜነህ፣ ለጥያቄዎ ሳልመልስ ምን ያህል ዝም እንዳልሁ እርስዎ ይነግሩኛል፤ እኔ ረጅም ይመስለኛል፣ ምናልባት አጭር ነበር። ባንችአምላክ፣ ጋቢውን የወሰደው ተማሪ የየት ደብር እንደሆነ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። ሌላም የሳትሁት ካለ አርሙኝ። በእማማ ይታይሽ ፊት ስቆም አንድም ነገር ከራሴ እንዳልጨምር ነው።

መርዶ ብቻውን የሚያረዳ የለም። ያልተረጋገጠ መርዶም ብቻውን የሚመልስ ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር ኑ። ቃሉን እኔ እናገራለሁ፤ እናንተ አጠገባቸው ተቀመጡ። መሬት አላይም።