በፍሪ የወረደው ላምቦርጊኒ

ቢያዝን የሚባለውን ባጃጅ ነጂ እኔ ከሰው አልቆጥረውም። ይኸው በግልጽ ተናገርኩ፤ ይስማኝ። ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስለጥፍ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰካራሙንም፣ ሌባውንም ችዬ ኖሬአለሁ፤ እንደ እሱ አንጀቴን ያሳረረው ግን የለም።

ባጃጇ የእሱ አይደለችም፣ የእኅቱ የእስከዳር ናት። ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የገዛቻት ናት። "ጋሼ ካሤ፣ ወገቤ አልቻለም፤ ለፋሲካ ጠቅልዬ እገባለሁ። ከእንግዲህ የምኖረው በእሷ ነው፣ እንደ ዐይንዎ ይዩልኝ" ብላ በስልክ አደራ ሰጥታኛለች።

ወንድምየው ግን ልቡ ከባጃጇ የለም። የእስከዳር አሠሪዎች ሁለት መኪና አላቸው፤ አንዷ ፌራሪ፣ አንዷ ላምቦርጊኒ። ቪዲዮ ላኪ እያለ ይነዘንዛታል፣ እሷም ትልካለች። ከዚያማ በቃ፣ ተራ ሲጠብቅ የሚውለው በዚህ ነው፦ "ፌራሪዋ ሺህ የፈረስ ጉልበት፣ ላምቦዋ ሺህ አሥራ አምስት! ፌራሪዋ ስምንት ሲሊንደር፣ ላምቦዋ አሥራ ሁለት!"

ምሳው የሚባል ሌላ ባጃጅ ነጂ ደግሞ የፌራሪ ጠበቃ ነው። "ላምቦህ ከባድ ናት፤ ኩርባ ላይ ፌራሪ ታስለቅሳታለች" ይለዋል። ሁለቱም መኪኖች ከዜሮ ተነሥተው በሁለት ነጥብ አምስት ሰከንድ መቶ ይገባሉ አሉ። እና በምን ይበላለጡ? በዚህ አንድ ወር ሙሉ ተጨቃጨቁ። ድንቄም! ለአሥራ አምስት ፈረስ ሊጋደሉ ደረሱ፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ የፈረስ ልጓም ጨብጦ አያውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብል ማን ሰምቶኝ።

የባጃጇ የፍሬን ሸራ ማለቁን ነግሬዋለሁ። "ዛሬ ነገ ሳትል ቀይረው" ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ጋሼ ካሤ፣ የላምቦርጊኒ ፍሬን ካርቦን ሴራሚክ መሆኑን ያውቃሉ?"

የሪያዱን ፍሬን ያውቃል፣ የተቀመጠበትን አያውቅም!

እስከዳር ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ጭቅጭቁ ጦፈ። "እንወዳደርና ይለይልን" ተባባሉ። ቤንዚን በሃይላንድ እየተቸረቸረ ማን ለውድድር ያቃጥላል? ግን እዚህ አገር ቁልቁለት ሲገኝ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ የባጃጅ ነጂ ሁሉ ልማድ ነው። የዓለምን ፈጣን መኪኖች ሞተር አጥፍተው ሊያወዳድሩ! ወይ ጉድ! አንዱ ከባጃጁ ኋላ ሸራው ላይ ላምቦርጊኒ፣ ሌላው ፌራሪ ብሎ ጽፎ ከመናኸሪያው በላይ ካለው ቁልቁለት አናት ተሰለፉ።

እኔስ? ምኑን ልደብቅ፣ ጎማቸውን ድንጋይ እስኪመስል የነፋሁላቸው እኔ ነኝ። የፍሬን ሸራው ማለቁን እያወቅሁ፣ እስኪ ማን ይቀድማል ብዬ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። ዳግመኛ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ቢያዝን ቀደመ። ምሳው ኩርባው ላይ ፈርቶ ፍሬን ያዘ፤ ቢያዝን ልያዝ ቢል ፍሬን ከየት ይምጣ! ባጃጇ ከመንገዱ ዳር ግንብ ተላትማ ተገለባበጠችና ቦዩ ውስጥ ገባች። እሱ ክንዱን ተሰብሮ ወጣ። ፊቱ በደም ርሶ መጀመሪያ ያለኝ ቃል "ቀድሜዋለሁ አይደል?" ነው። በጥፊ ሳላጮለው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ቀን እስከዳር በወልዲያው አውቶቡስ ገባች። እኔ በር ላይ የተከመረውን ቆርቆሮ አየች። ሸራው ላይ የተጻፈውን ጎንበስ ብላ አነበበች።

"ላምቦርጊኒ" አለች። "እሷንማ አውቃታለሁ። በየማለዳው አጥባታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ፌራሪዋን። ወገቤን የጨረሱት እነሱ ናቸው።" ወደ ወንድሟ ዞረች። "ያን ሁሉ ቪዲዮ ስልክልህ፣ አንተ ቢያዝን፣ ባልዲውን አላየኸውም?"

እኔም ብሆን ያን ቪዲዮ እሱ እያሳየኝ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ባልዲ አለ ብትሉኝ አላምናችሁም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ወር ሳትሞላ ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ ሪያድ ወደዚያው ቤት ተመለሰች።

ትናንት ወንድሟ በደህና እጁ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ ካሤ፣ አሠሪዎቿ አዲስ መኪና ጨመሩ! ይህችማ ሁለቱንም ታስከነዳለች፤ ይመልከቱ!"

ተመለከትኩ። ከጎማው አጠገብ ሰማያዊ ባልዲ አለ።

"አንሳልኝ ከፊቴ!" አልኩት። "ሁለት ነበሩ፣ ሦስት ሆኑባት።"