ዐሥራ ሁለት ብሎን

ባለቤቴ አይሊ የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን ልጆች ጠዋት ስትሰበስብ፣ ማታ ስትበትን ኖራለች። በከተማችን ግን ሾፌርነቷን የሚያነሣ አልነበረም። አይሊ ማለት “ከቬርና ጋር የምትሮጠው” ማለት ነበር። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ቬርናም በተራዋ “ከአይሊ ጋር የምትሮጠው” ነበረች። ሁለቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ሞልተው ሲሮጡ፣ ፖስታ አዳዩ በጡሩንባ ብዛት ሊሞት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለውለት አያውቁም።

በእኛ አገር በበረዶ ወራት የሚሮጥ ሰው ጫማው ሶል ላይ ትንንሽ ብሎን ያስመታል። የብሎኑ ጭንቅላት ወደ ውጭ ይቀራል፤ በረዶውን እየነከሰ ከመንሸራተት ያድናል። ያን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርሁ። አመታቴም የታወቀ ነው፤ ተረከዙ ላይ ሦስት፣ ፊት ለፊቱ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ ቅስት።

ያን ዓመት በጥቅምት መጨረሻ አይሊ ከጣሪያው አሸንዳ ቅጠል ጠርጋ ስትወርድ የመጨረሻውን የመሰላል መርገጫ ሳተችና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጠች። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ “ቀስ ብለሽ ተራመጂ፤ ሩጫው ራሱ ይመጣል” አላት። ቀስ የሚባለው ነገር ግን አይሊ አታውቀውም። በየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ የሐይቁ ጥንድ ሩጫ አለ፤ በረጋው በረዶ ላይ ደሴቷን ዞሮ ለመመለስ ስድስት ማይል ነው። ሁለቱ ሯጮች መጨረሻውን መስመር አብረው ካልረገጡ አይቆጠርላቸውም። አይሊና ቬርና ዐሥራ ስምንት ጊዜ አብረው ረግጠውታል።

ጀሶው በተፈታ በሦስተኛው ቀን ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ በሩን ሳትዘጋ ጮኸች።

“ኤይኖ! የማንን ጫማ ነው የመታኸው?”

“የማንን?” አልሁ፤ ድንች እየላጥሁ ነበር።

“ተረከዙ ላይ ሦስት፣ ፊቱ ላይ ቅስት። ከቬርና ዱካ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያንተ እጅ ነው፤ አትካደኝ!”

ምን ብዬ ልካድ? በረዶው መስክሮብኛል። ሼልቢ የምትባል ጥርስ አጣቢ በበጋው ወደ ጤና ጣቢያችን ተዛውራ መጥታ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የበር መቃን ይነካል። ጫማዋን ይዛ መጥታ ስትለምነኝ እምቢ ማለት አልቻልሁም።

“ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት፤ ትወድቃለች ብዬ ነው።”

“ብትወድቅስ? እኔ አልወደቅሁም? ለጠላቴ ፈረስ ጫንህላት እኮ!”

“ኧረ ምን ጠላት አመጣሽ…”

“ስንት መታህላት?”

“ስምንት።”

“ለእኔስ?”

“ዐሥራ ሁለት።”

 ከዚያ በሩን ዘጋችና ቢላዋውን ከእጄ ነጥቃ ድንቹን እሷ ትልጥ ጀመር። አላላጧ ግን ከልጣጩ ጋር ግማሹን ድንች የሚወስድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የአይሊ ልምምድ በስልክ እንጨት ተለካ። አንዱን እንጨት ሮጣ ሁለቱን ትራመዳለች፤ በሳምንቱ ሁለቱን ሮጣ ሁለቱን ትራመዳለች። የምትወጣው ቬርናና ሼልቢ ሮጠው ከገቡ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከሰው እንዳትገናኝ አፍራ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ የሼልቢን ዱካ ፍለጋ ነው። እግሯን በዚያች ልጅ ዱካ ውስጥ ለማሳረፍ ትዘላለች፤ አይደርስላትም። ቤት ስትገባ ሰላምታዋ ይኸው ሆነ።

“ሁለት ስንዝር ቀረኝ።”

“ምሳሽን ብዪ።”

“ያቺ ቀጭኔ በአንድ እርምጃ ከዚህ እስከ ምድጃው ትደርሳለች እኮ!”

ቬርና ዓርብ ዓርብ መጽሐፍ ይዛላት ትመጣ ነበር። አይሊ ልምምዷን ደብቃ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትቀበላታለች።

“ያቺ ልጅ እንዴት ናት?” ትላለች፤ እንደ ዋዛ።

“ጎበዝ ናት። ወሬዋ ነው የሚያደክመኝ።”

“እኔስ አላወራም?”

“አንቺማ ታወሪያለሽ። ግን ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼሽ አላውቅም።”

ሁለቱም ሳቁ። ቬርና ስትወጣ ግን የአይሊ ሳቅ አብሯት ወጣ። “አየህ? የእሷን ወሬ ትሰማዋለች ማለት ነው” አለችኝ። ቅናት ሲይዝ ምርቃቱን እርግማን ያደርገዋል።

ጥር ሲጋመስ አጉል ዘላ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ ተነፋ። ባልዲ በረዶ ሞልቼ እግሯን ከተትሁትና ተቆጣሁ።

“የምትሮጪው ለመዳን ነው ወይስ ሼልቢን ለመግደል?”

“ለሁለቱም” አለች፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። ዘጠኝ ቀን አሳረፍኋት። ቀናቱን በጣቷ ቆጥራ፣ በዐሥረኛው እንደገና ከአንድ እንጨት ጀመረች።

በወሩ መጨረሻ ያልተጠበቀ ሙቀት መጣና በረዶው ጭቃ ሆነ፤ በማግሥቱ ብርዱ ተመልሶ ጥርስ ሲያራግፍ፣ የሯጮቹ ዱካ በመንገዱ ላይ በሲሚንቶ እንደ ታተመ ደርቆ ቀረ። አይሊ “ና እይልኝ” ብላ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ከአንድ እንጨት ተነሥታ ሮጠች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ እግሯ በሼልቢ ዱካ ውስጥ እንደ እንቁላል በጎጆው ተቀመጠ። ሦስት እንጨት ሙሉ አንዱን እንኳ አልሳተችም። እውነቱን ለመናገር፣ ዕንባዬ በሽፋሽፍቴ ላይ ረጋ።

ከሦስተኛው እንጨት ላይ ግን ድንገት ቆመች። ጎንበስ ብላ አየች። እየሮጥሁ ስደርስ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ዐይኗ ከሼልቢ ዱካ ተነሥቶ ስለማያውቅ ያላየችውን አሳየችኝ። የሼልቢ እግር የሚያርፈው ከቬርና ጎን ሳይሆን በራሱ በቬርና ዱካ መሥመር ላይ ነበር።

“ኤይኖ፣ ከኋላዋ ነው የምትሮጠው።”

በቬርና በግራ በኩል፣ አይሊ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሮጠችበት በኩል፣ ምንም ያልነካው በረዶ ነበር።

“መንገዱ ስለጠበበ ይሆናል” አልሁ፤ ተስፋዋ እንዳይሰበር ፈርቼ።

“መንገዱ ለእኔስ መቼ ሰፍቶ ያውቃል?”

በማግሥቱ ንጋት ዐሥራ ሁለቱን ብሎን አጥልቃ ወጥታ ከቬርና ቤት ማዕዘን ቆመች። የሆነውን ኋላ የነገረችኝ ቬርና ናት። ሁለቱ ሯጮች ብቅ ሲሉ አይሊ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ፣

“ጎንሽ ተይዟል ወይስ ባዶ ነው?” አለች።

“ከጥቅምት ጀምሮ ብርድ እየገባበት ነው። ነይ ድፈኚልኝ” አለቻት ቬርና።

ሼልቢ ግራ ገባት። “እኔስ የት ልሩጥ?”

“በነበርሽበት” አለች አይሊ።

ያን ዕለት የቻለችው ሁለት ማይል ብቻ ነበር፤ የቀረውን እያነከሰች ገባች። በየካቲቱ ጥንድ ሩጫ ደግሞ ከኋላ ሦስተኛ ሆነው፣ መንገዱን ሁሉ እየተጨቃጨቁ፣ መስመሩን አብረው ረገጡ። ሼልቢ ከፖስታ አዳዩ ጋር ሮጣ ከገባች ቆይታ ነበርና ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይዛ ጠበቀቻቸው። አይሊ ሾርባውን ጠጣች። “ጨው ያንሰዋል” አለች።

በተከታዩ መከር ሼልቢ ጫማዋን ይዛ መጣች። መሰርሰሪያውን ላነሣ ስል አይሊ ቀደመችኝ፤ ጫማውን ጭኗ ላይ ገልብጣ መነጽሯን አደረገች።

“ስንት ልምታልሽ?”

“ለእርስዎ እንደ ተመታው ይሁንልኝ” አለች ልጅቱ።

አይሊ መሰርሰሪያውን አነሣች። ተረከዙ ላይ ሦስት መታች፤ ከዚያ ቅስቱን ጀመረች። ከንፈሯ ሲቆጥር አየው ነበር። ስምንት ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅቱን አየቻት፤ እኔን አየችኝ፤ በመስኮት ወደ ቬርና ቤት አየች።

አንድ ብሎን አነሣችና ዘጠነኛውን መታች።

“ይበቃሻል” አለቻት።