የመቃብያን መጨረሻና የእኔ ድንች

ጎረቤቴ የመቃብያንን ታሪክ አንድም ቀን ሳይጨርስልኝ ለዓመታት ጉልበቴን በላ። በመንደራችን ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ደቦ ሲጠራን፣ በምሳ እረፍት ላይ መጽሐፉን ይገልጥና በጣዖት አምላኪው ንጉሥ ላይ ስላመፁት አይሁዳውያን ወንድማማቾች ያነብልናል። ወንድማማቾቹ ንጉሡ ፊት ሲቆሙ መጽሐፉን ይዘጋና «ቀሪው ነገ» ይላል። በማግስቱ ስንመጣ፣ ትናንት ላልነበሩት ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በስተርጅና እንጅባራ የማታ ትምህርት ያስገባኝ ይኸው ንዴት ነው። ማንበብ እንደቻልኩ የራሴን መጽሐፍ ገዝቼ መጨረሻውን አነበብኩ። ድንቼ ሲደርስ እኔም ደቦ ጠራሁ፤ እሱንም ጭምር። በእረፍት ላይ ወንድማማቾቹን ንጉሡ ፊት አቁሜ መጽሐፉን ዘጋሁ።

«ቀጥል እንጂ» አለኝ።

«ቀሪው ነገ ነው፣ አያ። እርስዎማ ያውቁት የለ?»

አቀረቀረ። «የእኔን መጽሐፍ መጨረሻ አይጥ በልቶታል። አይቼው አላውቅም።»

ለካ እሱም ሳያውቅ ነው የሸበተው። አላዘንኩለትም። በማግስቱ ዶማውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። የላይኛው ማሳ ቁፋሮ ሲያልቅ ነገርኩት፤ ወንድማማቾቹ ተገደሉ፣ አሞሮችም ሬሳቸውን በክንፋቸው ጋረዱት።

«ሞቱ? አላሸነፉም?»

«ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሌሎች መቃብያን ሰይፍ መዘው ቤተ መቅደሳቸውን አስመለሱ ይላል። እሱን የማነበው ነገ፣ የታችኛው ማሳ ላይ ነው።»

«አንተ ክፉ» አለና ሳቀ።

መጣም፣ ቆፈረም፣ ሰማም። ቂማችን የተዘጋው በዚያው ቀን፣ በነቢያት ጾም ዋዜማ፣ ኅዳር አሥራ አራት ቀን ነው።